የኮማንደር ፂም

የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በመቃወም ረብሻ በነበረበት ጊዜ ሰበታ ውስጥ ያጋጠመኝ ነው። ሳወራው እስቃለሁ፤ ከዚያ ወንድሜ ትዝ ይለኝና እተወዋለሁ። እስቲ በጽሑፍ ልሞክረው።

የሚጀምረው ከአንድ እሑድ ነው። እንደዚያ ያለ ቀን ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጣም። ታላቅ ወንድሜ ቶሎሳ ውሻውን ግቢ ውስጥ ያጥባል። ስሙን ኮማንደር ብሎታል። መንገድ ላይ «ኮማንደር፣ ቁጭ በል!» ሲል ፖሊሶች ዞር ይላሉ።

«አንድ ቀን ታሳስረናለህ» አሉት አባቴ።

«ብቻችንን አንታሰርም፣ እሱም አብሮን ነው» አለ ቶሎሳ።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ግርግር መሃል ገባ። ጥይት መታው። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ከቀብሩ በኋላ አባቴ ከኮማንደር አልለይ አሉ። እኛ ሽሮ ስንበላ ለእሱ ሥጋ ይገዛል። ሁለተኛ ልጅ የነበርኩት ሦስተኛ ሆንኩ።

ወራት አለፉና የውሻው ጠባይ ተለወጠ። ድንጋይ ይነክሳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። ላስረው ስል እጄን ነከሰኝ። አባቴ ወዲያው ለማንኛውም ብለው የባህል መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወስደው አንድ ኩባያ መራራ ነገር አጠጡኝ። ያንን የጠጣ ሰው ወንዝ ከተሻገረ በሽታው ይነሣበታል ይባላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ እኛ ጋ አልቆ የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ ከወንዙ ማዶ ነው።

ብዙ ሳይቆይ ኮማንደር ሞተ። የእንስሳት ሐኪሟ ሌንሳ መጥታ ቁስሌን በሳሙና ደጋግማ አጠበችልኝ። «ምንም ሳትጠብቅ ሄደህ ክትባቱን ጀምር» አለችኝ።

«ውሻው አላበደም» አሉ አባቴ። «ሐዘን ነው የገደለው። ይሄንን ልጅ ወንዝ አሻግሬ አልቀብርም።»

«እንግዲያው እናስመርምረው፣ ኦቦ ደበላ። አብዶ ከተገኘ ልጁን ይለቁታል?»

«ምኑን ነው የምታስመረምሪው?»

«ብዙውን ጊዜ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ነው የሚላከው።»

አባቴ ለመቅበሪያ ያመጡትን አካፋ አነሱ። ለኮማንደር ይሁን ለሌንሳ አልገባኝም። «የልጄን ውሻ አንገት?»

ሌንሳ ትንሽ አሰበችና ወደ ውሻው አፍ ጠቆመች። «ፂሙ የበቀለበትን ቆዳ ትንሽ ብቻ ብቆርጥስ? በሽታው እዚያ ባሉት ነርቮችም ይገኛል። ላቦራቶሪ የምትሠራ ጓደኛዬ በቆዳም እየሞከሩት ነው ብላኛለች።»

«ፂሙን ብቻ?»

«ፂሙን ብቻ።»

«እሱስ ይሁን። ቶሎሳም በመቀስ ያስተካክለው ነበር።»

ጓንት አድርጋ ቆረጠች። ቆዳውን ብልቃጥ ውስጥ፣ ብልቃጡን ከበረዶ ጋር አሮጌ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከተተችው። ረብሻው ስላልበረደ ታክሲ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ልታደርሰው ስትሄድ ወንዙ ላይ እስካለው ድልድይ በእግር ሸኘኋት። ልጆች መንገዱን በድንጋይ ዘግተዋል።

«ዶክተር፣ እኛም ምሳ አልበላንም» አላት አንዱ።

«የታመመ ውሻ ቆዳ ነው» አለችው።

«ምሳ ለመንፈግ ይሄን ያህል ይዋሻል?» ብሎ ክዳኑን ከፈተ። በብልቃጡ ውስጥ ፂሙን አየ። ቀስ ብሎ ገጠመውና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ እሱ ራሱ በሞተር ሳይክሉ ሊያደርሳት ተነሣ፤ «ብቻ ምሳ ዕቃውን ከጀርባዬ አርቂልኝ» እያለ።

«አንተስ አትሻገርም?» አሉኝ የቀሩት።

«መድኃኒት ጠጥቻለሁ።»

ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። የወንዙን ነገር ሁሉም ያውቁታል።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሌንሳ ደወለች። ኮማንደር አብዶ ነበር። ስልኩን ለአባቴ ሰጠኋቸው። አዳምጠው ስልኩን መለሱልኝ።

«ሐዘን አልነበረም ማለት ነው» አሉ። ቀጥለው፣ «ወንዙስ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አባቴ እኔን ምክር ጠይቀውኝ አያውቁም።

«አብረን እንሻገራለን፣ አባባ» አልኳቸው።

ክትባቱን ጨርሻለሁ፣ ደህና ነኝ። ያኔ አባቴ ውሻውን ከእኔ የሚያስበልጡ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም፤ በዚያ ጠዋት ምክንያት።

ሌንሳ በደወለች ማግስት ጠዋት ድልድዩ ጋ ስንደርስ አባቴ ቆሙ። ከሥር ያለው ውሃ ጉልበት አይደርስም። እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ስንሻገር ንገረኝ» አሉኝ።

እየመራሁ አሻገርኳቸው። ማዶ ደረስን። ግን ወዲያው አልነገርኳቸውም፤ እጄን እንደያዙ ትንሽ ወሰድኳቸው።