ክንፍ የሚሰፉት ሴቶች

ሰሞኑን ዝናቡ ከእንጅባራ አልወጣ ብሎ ከቤት መዋል አብዝቻለሁ። ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም፤ ብርድ ሲነካው ይቆጣል። ትናንት የልጄ ልጅ ትዕግሥት ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ከጎኔ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና «አባባ፣ እስቲ ይኼን ይዩ። የድሮ ሰዎች የጦር አውሮፕላን ሲሠሩ ነው» ብላ አስጠጋችልኝ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። አናጢዎች ቀጫጭን እንጨት ይልጋሉ። ቀጥሎ ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ከበው፣ በእንጨቱ አጥንት ላይ ጨርቅ ይሰፋሉ። አንዷ መርፌዋን ከፍ አድርጋ፣ ወደ እኛ ዞራ ልትስቅ ስትል ኔትወርኩ ተቋረጠና ፊቷ እንደዚያው ቆመ።

«ይመጣል፣ ትንሽ ይታገሱ» አለችኝ ትዕግሥት።

መታገሱስ አላስቸገረኝም። ሴትዮዋን አውቃታለሁ። እሷው ትሁን ሌላ አልምልም፤ ፊልም ሁሉ ይመሳሰላል። ግን በወጣትነቴ ዳንግላ፣ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ አይቻታለሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ቤታችን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ፈንታ ትምህርት የገባው ልጅ ነበርና ለአውሮፕላን መካኒክነት ወጣት ይፈለጋል ሲባል ሰምቶ ተመዘገበ። ወስደው ደብረ ዘይት ሊያስተምሩት ነው። የቀረው የእናታችን ምርቃት ነው፤ አባታችን ቀደም ብሎ አርፏል። በእኛ ዘንድ ሳይመረቅ የወጣ ልጅ መንገድ አይቀናውም። ፈንታ ምንም ቢማር ይኼን ለመጣስ አልደፈረም። እናቴ ደግሞ አልመርቅም አለች።

በጣሊያን ጊዜ፣ ልጃገረድ ሳለች፣ ከታናሽ እህቷ ጋር ገብስ ሲያርሙ አውሮፕላን መጣባቸው። እሷ ተረፈች። ከዚህ የበለጠ ነግራን አታውቅም። ስለ አውሮፕላን ስታነሳ ግን ስለ በረዶ ወይም ስለ መብረቅ የምታወራ ነበር የሚመስለው። የሰው ሥራ ነው ቢሏት አትሰማም። «መብረቅ ላይ ቂም አይያዝም» ትል ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያን ያህል ዘመን እንቅልፍ የሰጣት ይኸው አባባሏ ነው።

ፈንታ ግን ነገሩን በሌላ በኩል አየው። «ሰው እንደሚሠራው በዓይኗ ካየች ፍርሃቷ ይለቃታል» አለኝ። መልማዮቹ ዳንግላ ላይ ፊልም ሊያሳዩ ነው ሲባል ለምነን ወሰድናት። እኔ ያስፈለግሁት ለአስተርጓሚነት ነው። እናቴ ከአገውኛ በቀር አትሰማም፤ ፈንታ ደግሞ ከተመዘገቡት ልጆች ጋር ፊት መቀመጥ ነበረበት። ትምህርቴ ትንሽ ቢሆንም ድንች ይዤ ገበያ ስመላለስ አማርኛውን ለምጄዋለሁ።

ጥቅምት ነበር። ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ ተነስተን እንጅባራ በእግር ገባን፤ ከዚያ የጭነት መኪና ለምነን ከድንች ጆንያ ላይ ወጣን። ወደ ዳንግላ ሲወረድ አየሩ ሞቅ ይላል። ኑጉ አብቦ ግራ ቀኙ ቢጫ ነው። ደስ የሚል መንገድ ነበር፤ እናቴ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ፣ ወደመጣንበት ታያለች። ለስንቅ የያዝነውን ቅቅል ድንች ከነበርበሬው ፈትቼ ብሰጣት «እናንተ ብሉ» አለች።

መጋዘኑ ኑግ ኑግ ይሸታል። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋርደው ጨለማ አድርገውታል። ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ካኪ የለበሰ ሰውዬ ከአጠገቡ ቆሞ በአማርኛ ያስረዳል፣ እኔ በእናቴ ጆሮ በአገውኛ እደግማለሁ። መጀመሪያ የእንጨቱ አጥንት ሲታይ ከኋላችን አንዱ፣

«ይኼማ አልጋ ነው» አለ።

«ማን ሊተኛበት?» አለው ጓደኛው።

«አማትህ ናታ።»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። እናቴ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ አልሳቀችም።

ከዚያ ሴቶቹ መጡ። ክንፉን ረጅም ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ይሰፋሉ። ጎንበስ ብለው ክር በጥርሳቸው ይቆርጣሉ፣ ቀና ብለው ይሳሳቃሉ። እናቴ ያን ጊዜ ክንዴን ያዘች። ቤት ውስጥ ቀሚሷን ስትጥፍ እሷም ክሩን እንደዚያው ነው የምትቆርጠው። ሰውዬው ስለ ጨርቁ ጥንካሬ ይናገራል፣ እኔ እተረጉማለሁ። እሷ አትሰማኝም፤ የሴቶቹን እጅ ነው የምታየው።

ቀጥሎ አውሮፕላኑ አልቆ ወደ ሜዳ ተገፍቶ ወጣ። ወንዶች ድቡልቡል ነገር ተሸክመው መጡና ከሆዱ ሥር ይሰቅሉ ጀመር። ሰውዬው ማስረዳቱን ቀጠለ። እኔ አፌን ከፍቼ በምን ቃል እንደምላት ስፈልግ እናቴ እጄን ጫን አድርጋ፣

«ይኼን አትንገረኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን አውቀዋለሁ» አለች።

ስንወጣ ፈንታ ፊቱ በርቶ መጣ። «አየሽ እማዬ? እንጨትና ጨርቅ ነው። ሰው ነው የሚሠራው።»

«አየሁ» አለች።

መኪና ስንጠብቅ ቆየን። ጀምበር ሲያዘቀዝቅ፣ «ሴቶቹ የሰፉት የት እንደሚሄድ ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችው።

«እነሱማ ደመወዝተኛ ናቸው፣ እማዬ።»

«ያውቃሉ ወይ ነው ያልኩህ።»

ፈንታ መኪና ይመጣ እንደሆነ ለማየት ወደ መንገዱ ወጣ። ተሳክቶለት ነበር እኮ፤ እንዳለው ፍርሃቷ ለቋታል። ግን መብረቁንም አብሮ ወሰደባት። ከዚያ ቀን በኋላ እህቷን የገደለው መብረቅ መሆኑ ቀርቶ ሰው ሆነ፣ ክንፍ የምትሰፋ ሳቂታ ሴትም ሆነ።

በሳምንቱ መረቀችው። ለምን ሐሳቧን እንደለወጠች አልነገረችንም። በርከክ ብሎ ጉልበቷን ሳመ፣ እሷም እንትፍ እንትፍ ብላ እጆቹን በሁለት እጇ ያዘች። «እጅህ የሠራው ሰው አይንካ» አለች። ሌላ አልጨመረችም፣ ሀብትም፣ ልጅም፣ ዕድሜም አላለችም። ፈንታ ትንሽ ዘግይቶ «አሜን» አለ።

ሄደ። ተማረ። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው የምሥራቁ ጦርነትም እዚያው አገኘው። እናቴ በዚያ መካከል አረፈች። እሱ ሽበት አብቅሎ ተመልሶ እንጅባራ ላይ የእህል ወፍጮ ሲጠግን ኖረ። ዝምተኛ ሆኖ ነበር የመጣው። አንድ የበጋ ቀን ብቻ፣ ዘንገና ባሕሩ ዳር ተቀምጠን፣ ሳልጠይቀው ተናገረ።

«የአውሮፕላኑን ሆድ ሞልቼ እሰደዋለሁ፣ ባዶውን ይመለሳል» አለኝ። «ጓደኞቼ በሰላም ተመለሰ ብለው ያጨበጭባሉ። እኔ ሆዱ ባዶ መሆኑን ነው የማየው። አሜን ብዬ ነበር እኮ።»

ምን ይባላል? ሥራህ ነው እንዳልል፣ ሴቶቹም ሥራቸው ነበር። ፈንታን አምና ቀበርነው። ሲገነዝ እጆቹን አየኋቸው፤ የወፍጮ ዱቄትና ግራሶ የለመዱ፣ ደግ እጆች ነበሩ።

ኔትወርኩ ሲመለስ ሴትዮዋ ያቋረጠችውን ሳቅ ጨረሰችና ክሯን በጥርሷ ቆረጠች። እናቴ የጠየቀችውን ከፊቷ ላይ ፈለግሁ። ደክሟታል፣ ወሬ ይዛለች፤ ሌላ ነገር አልታየኝም። ወዲያው አውሮፕላኑ ተገፍቶ ሲወጣ ስልኩን ለትዕግሥት መለስኩላት።

«ገና እኮ ነው አባባ፣ አሁን ሊበር ነው።»

«ከዚህ በኋላ ያለውን አውቀዋለሁ» አልኳት።

ትዕግሥት ስልኳን አጠፋች። ከደመናው በላይ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ እሷም ቀና ሳትል «መብረቅ ነው» አለች። ይሆናል አልኩ። እስኪያልፍ ድረስ ግን ጆሮዬን ከሰማዩ አልነቀልኩም።