ሽማግሌዎች በመጡበት ቀን የሰማሁት ዜና

ጠዋት ጠዋት የእንግሊዞችን የንግድ ዜና እሰማለሁ። የምሠራው ሮም ነው፤ የአንድ ትልቅ መኖሪያ ሕንፃ በር ጠባቂ ነኝ፣ ጣልያኖቹ ፖርቲዬሬ የሚሉት። ደረጃውን ጠርጌ፣ የቆሻሻ ገንዳዎቹን ወደ ግቢ ከመለስኩ በኋላ በመስታወት በተከለለችው ክፍሌ ቁጭ እላለሁ፤ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ እሰካለሁ። የወለድ መጠን፣ የቤት ኪራይ፣ የማሞቂያ ሂሳብ፣ የከሰረ ሱቅ፣ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ። ኢጣሊያ ተቀምጬ የእንግሊዝን ኑሮ የምሰማበት ምክንያት አንድ ነው። ያለችኝ አንዲት ልጅ ለንደን ናት።

ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ጣልያንኛ ማንበብ የተማርኩት ተከራዮች ከሚጥሉት ጋዜጣ ነው፤ እንግሊዝኛን ደግሞ ከዚህ ዜና። ራሱን ለሚያስተምር ሰው ከንግድ ዜና የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ቃሉ በየቀኑ ያው ነው፤ ዛሬ ያልገባህ ነገ ይመለስልሃል። ዜና አንባቢው የብዙ ሰው እንጀራ መቋረጡን ከነዳጅ ዋጋ ጋር አያይዞ፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ ያልፈዋል። ያን አነጋገር ወድጄው ነበር። ሰው እንዲህ ነው መናገር ያለበት እል ነበር፣ ሳያባብል።

ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ካሉት የእኛ ሰዎች ቡና ቤቶች ስገባ ያሾፉብኛል። “ፓውንድ መጣ!” ይላሉ። “ፓውንድ፣ ዛሬ እንዴት ነህ? ወጣህ ወይስ ወረድክ?” እኔ አልስቅላቸውም። ግማሾቹ ልጆቻቸውን ወደ እንግሊዝ ልከዋል፤ ልጆቻቸው የሚኖሩበት አገር ዳቦ ስንት እንደሚሸጥ ግን አያውቁም። ሰው ልጁ የቆመችበትን መሬት ማወቅ አለበት። ይህን ዛሬም አምናለሁ።

ልጄ ወደ ሥራ ስትሄድ አውቶቡስ ስትጠብቅ እደውልላት ነበር። እዚህ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ግማሹ ጣልያንኛ ነው።

“ቡዎንጆርኖ አባዬ! ዛሬ ማን ከሰረ?” ትለኛለች።

የሰማሁትን እነግራታለሁ። ማሞቂያ ሊጨምር ነውና ሹራብ ደርቢ፤ ወለዱ ገና አልወረደምና የቤት ብድር አትጠይቂ። እሷ ትስቃለች፣ አውቶቡሱ ይመጣል፣ ስልኩ ይዘጋል። በዓመት አንዴ ከምታየው አባቷ የምታገኘው ይህን ነበር፤ እኔም ከዚህ ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም።

ሊያገባት የሚፈልገውን ልጅ ያመጣችው በክረምት ዕረፍቷ ነው። የማውቀው ልጅ ነው፤ ወላጆቹ አስመራ የተወለዱ፣ እሱ እዚሁ ያደገ፣ በተማሪነቱ ኦስቲያ ባሕር ዳር ለዋናተኞች ጃንጥላ ይተክል የነበረ። አሁን ለንደን አጠገብ፣ የቤት ዕቃ የሚሸጥ የአንድ ትልቅ ድርጅት መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ አለቃ ሆኗል። ቶር ፒኛታራ ባለው ቤታችን ምሳ አቀረብን። ስለ ቤት ብድር ወለድ አንድ ነገር ላስረዳው ጀመርኩ። ዳቦውን እየቆረሰ ፈገግ አለ።

“አባባ፣ ይሄ ዜና እኮ የሚያጡት ነገር ላላቸው ሰዎች ነው። እኛን ምን ያደርግልናል?”

ባለቤቴ ሳቀች። ልጄም ሳቀች። እኔ ምግቤን በላሁ። አልረሳሁትም።

በዓመቱ፣ ልጁ ሽማግሌ እንደሚልክ ልጄ ነገረችኝ። እሷና እሱ ለንደን ሆነው፣ ሽማግሌዎቹ እዚህ ሮም እኔ ዘንድ ይመጣሉ።

“አንድ ነገር ብቻ አባዬ” አለችኝ። “እሺ አትበል፣ እምቢም አትበል። እንደ ደንቡ ‘እንምከርበት፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ’ በላቸው። ቫ ቤኔ?”

“ቫ ቤኔ” ብዬ ተስማማሁላት።

የመጡት በጣልያኖቹ የሪፑብሊክ በዓል ነው። በዚያ ቀን ሮም ትዘጋለች፤ እንግሊዝ ግን ይሠራል። ጠዋት እንደ ልማዴ ዜናውን ከፈትኩ። ሁለተኛው ዜና የልጁ ድርጅት ነበር። ዕዳውን መክፈል አቅቶት በኪሳራ አስተዳዳሪዎች እጅ ገብቷል፤ የሱቆቹና የመጋዘኖቹ ሠራተኞች ዕጣ አልታወቀም። ሰምቼ ደስ አለኝ። ይህን ማለስለስ እችል ነበር፤ ግን ደስ ነው ያለኝ። ላሾፈብኝ ልጅ ዜናው ራሱ የመለሰለት መሰለኝ።

ከዚያ ለልጄ ደወልኩ።

“አባዬ! ዛሬ ማን ከሰረ?”

“ዛሬ በዓል ነው” አልኳት። “ምንም የለም።”

ሦስት ሆነው መጡ፤ ነጠላቸውን እንደለበሱ። አንዱ ቄስ፣ አንዱ የልጁ አጎት፣ አንዱ ሁላችንም የምናከብራቸው አዛውንት። ባለቤቴ ከዋዜማው ጀምሮ ስትሠራ የቆየችው ወጥ ቤቱን ሞልቶታል። እንደ ደንቡ አንቀመጥም ብለው በር አጠገብ ቆሙ። “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ አዛውንቱ። አባት በዚህ ጊዜ “ኧረ ተቀመጡ” ይላል። እኔ ዝም አልኩ። አዛውንቱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አውቃለሁ።

“ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው” ብለው ጀመሩ፤ የልጁን ጨዋነት፣ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎቱን ተናገሩ።

“የት ነው የሚሠራው?” አልኩ።

አጎቱ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነበር። “ኢንዴተርሚናቶ ነው ጌታዬ! ኢንዴተርሚናቶ!” አለ። ሮም ውስጥ ላለን ሰዎች ይህ ቃል፣ ጊዜው የማያልቅ የሥራ ውል ማለት ነው፤ ከማዕረግ ይበልጣል። ቄሱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ሰላሳ ሰው ያዛል፣ ጌታዬ” አለ አጎቱ።

“የእንግሊዝ የወለድ መጠን ስንት እንደሆነ ያውቃሉ?” አልኩ ወደ አዛውንቱ ዞሬ።

“እኛ ሚስት ልንለምን መጣን እንጂ ባንክ ልንከፍት አልመጣንም” አሉ አዛውንቱ። ቄሱ ሳቁ። ባለቤቴም ከወጥ ቤት ሳቀች። ሁለተኛ ተሳቀብኝ።

ስልኬን አወጣሁና የጠዋቱን ዜና ከፈትኩት። በላያችን የበዓሉ አውሮፕላኖች እያጓሩ አለፉ፤ እስኪያልፉ ጠበቅኩ፤ አንድ ቃል እንዲያመልጣቸው አልፈለግኩም። ከዚያ አንባቢው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲል እያቆምኩ ተረጎምኩላቸው። ድርጅቱ ከሰረ። ዕዳው ከንብረቱ በለጠ። የመጋዘኖቹ ሠራተኞች ዛሬ ይነገራቸዋል። ድምፄን ከፍም ዝቅም አላደረግኩም።

“እንግዲህ” አልኩ፣ “ዛሬ ሥራ የሌለው ሰው ነው የላካችሁ። ልጄን ለተዘጋ የመጋዘን በር አልድርም።”

 የመለሰልኝ የአጎቱ የኮት ኪስ ነው።

“አጎቴ” አለ ከኪሱ ውስጥ የልጁ ድምፅ። “አጎቴ፣ የቱ ድርጅት ነው ያሉት?”

ልጁ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ሳይተኛ የእኔን መልስ በጆሮው ሊሰማ ፈልጎ ኖሯል፤ አጎቱም ስልኩን ከፍቶ ኪሱ ውስጥ አስቀምጦለታል። አጎቱ ኪሱን በእጁ ሸፈነው፤ አፍ እንደሚሸፈን።

“ስልኩን ለአባቴ ስጡት” አለ ሌላ ድምፅ። የልጄ ነበር።

አጎቱ ምስሉን ከፍቶ ስልኩን ዘረጋልኝ። ልጁ የሥራ ሰደርያውን እንደለበሰ ሶፋ ላይ ተቀምጧል፤ በሌላ ስልክ ዜናውን ይፈልጋል። ልጄ ከሥራ ቀርታ አጠገቡ ናት። ሹሩባ ተሠርታለች። እሷ በሌለችበት ቤት ለሚደረግ ሽምግልና ፀጉሯን ተሠርታለች።

“መቼ ነው የሰማኸው?” አለችኝ።

“ጠዋት።”

“ጠዋት ደውለህልኛል እኮ። ‘ምንም የለም’ አልከኝ።”

ዓይኔን ወደ ሹሩባዋ መለስኩ።

“ሌሊቱን ሲሠራላቸው ነው ያደረው” አለች። “ማንም አልነገረውም። አንተ ታውቅ ነበር።” ከዚያ “ባስታ፣ በቃ አባዬ” አለች። ስልኩ ጨለመ።

አዛውንቱ በቆሙበት ነጠላቸውን አስተካከሉ። “እምቢ ማለት መብትዎ ነው” አሉኝ። “ልጁን ግን በእኛ ፊት እንዲህ መምታት አልነበረብዎትም።” ወጡ። አንዲት ጉርሻ አልቀመሱም። ባለቤቴ ድስቱን እንዳለ አንስታ ተከትላቸው ወረደች፤ መኪናቸው ውስጥ አስቀምጣላቸው ተመለሰች። ያን ቀን ቤታችን የበላ ሰው የለም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ዜና ሰማሁ። ሱቆቹ ሲዘጉ መጋዘኖቹን ሌላ ድርጅት ገዝቷቸዋል፤ ሠራተኞቹ ይቀጥላሉ። አንባቢው በዚያው ድምፅ ነው ያነበበው። እንደ ደንቡ ቀጠሮ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌዎቹ የሚመለሱት በዚያው ሰሞን ነበር። አባት የሴት ልጁን ባል እንጀራ መመርመር የለበትም አልልም፤ ይገባዋል። የምጠይቀውን በአግባቡ ጠይቄያለሁ። ግን ሰውየው የገዛ መርዶውን ከሁሉ በፊት መስማት ነበረበት፤ እኔ መርዶውን ለክርክር አስቀመጥኩት።

ተጋቡ። ባለቤቴ ሄደች፤ እኔ አልተጠራሁም። ስትመለስ ፎቶ አላሳየችኝም፤ እኔም አሳዪኝ አላልኩም። ልጄ ስልኬን አታነሳም። ስለዚህ ስለ እሷ የማውቀው ዜናው የሚነግረኝን ብቻ ነው። ኪራይ ጨመረ ሲሉ ቤት ለቀው ይሆን እላለሁ። ማሞቂያ ወረደ ሲሉ ዛሬ ሞቋታል እላለሁ።

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ወጥ ቤት ቆማ የአሠሪዎቿን ሸሚዝ ትተኩሳለች። እኔ ጠረጴዛው ጋ ዜናውን እየሰማሁ፣ እንደ ልማዴ በአማርኛ አልጎመጉማለሁ። “የሕፃናት መዋያ ክፍያ…” ስል ካውያውን አቆመችው።

“ጨመረ ወይስ ቀነሰ?” አለችኝ።

“ምኑ?”

“የመዋያው።”

ከተጋባን ጀምሮ የእንግሊዝን ዋጋ ጠይቃኝ አታውቅም። ቀና ብዬ አየኋት። እሷ የምታየው የሸሚዙን አንገትጌ ነው።

“ልጃችን ስንት ወሯ ነው?” አልኩ።

“ዜናው አልነገረህም?”

ካውያው እንፋሎቱን ተፋ። ማዳመጫውን ወደ ጆሮዬ መልሼ እስከ መጨረሻው ሰማሁ።

“ጨምሯል” አልኳት።

ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችና ስልኳን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ገባች። በሩን ዘጋችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታወራ ይሰማኛል።

“ጨምሯል አሉ” ትላለች።

ይህን ያለው ማን እንደሆነ አልነገረቻትም።