ሁለት ቀኝ በሬ

መሬት ላራሹ ከታወጀ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ክረምት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ያለንን አንድ በሬ፣ ቦራን፣ እየነዳሁ አያ ይመር ደጅ ደረስኩ።

አያ ይመር ጎረቤታችን ናቸው። ለእሳቸውም ድርቁ የተወላቸው አንድ በሬ ብቻ ነው፤ ዳለቻ ይባላል። አንድ አንድ በሬ የቀረው ሰው እንደሚያደርገው ልንቀናጅ ነው... አንድ ቀን ለእሳቸው፣ አንድ ቀን ለእኛ። ያን ቀን ተራው የእኛ ነበር።

አባቴ በድርቁ ዓመት አባይን ተሻግሮ ከጎጃም እህል ሊያመጣ ሄዶ ቀርቷል። እናቴና እኔ ነን የተረፍነው። እኔ ጢሜ ገና ልብቀል አልብቀል እያለ ነው። ዕርፍ ጨብጬ አላውቅም... ለሰው ግን አውቃለሁ ብያለሁ።

ያን ቀን ደግሞ ቀልድ የለም። አዲሱ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር በየማሳው ዞሮ ማን ምን እንደሚያርስ ያያል ተብሏል። ያረሰ ይይዛል። ያላረሰ... እንግዲህ ቆሞ ያያል። የአባቴ የጤፍ ማሳ በእኔ እጅ ላይ ወድቃለች።

«አንተማ ጓል ከስክስ፣ እኔ አርስልሃለሁ» አሉኝ አያ ይመር።

«እኔው ነኝ የማርሰው።»

«በየትኛው ጉልበትህ ነው? ሆድህ እኮ ከጀርባህ ጋር ተጣብቋል!»

«እርስዎ ቀን ወጥቶልዎታል እንዴ አያ?»

ሳቁ። በዚያ ዓመት ለማን ቀን ወጣለት!

ማሳው ጋ ደርሰን ቀንበሩን ስናነሳ ጣጣው መጣ። በሬ መቼም በለመደው ጎን ነው የሚጠመደው። ቀኝ የለመደውን ግራ ብታቆመው እግሩ የት እንደሚረግጥ ይጠፋዋል። ቦራ ደግሞ ቀኝ በሬ ነው። ዳለቻም ቀኝ በሬ ነው። በግራ የሚቆሙትን ጓደኞቻቸውን ድርቁ ጨርሷቸዋል።

«ያንተ በግራ ይቁም» አሉ አያ ይመር።

«የእርስዎ ይቁም እንጂ!»

«የዳለቻ ዘር ከጥንት ጀምሮ ቀኝ ነው።»

«ቦራም በእናቱ በኩል ቀኝ ነው።»

«እናቱ? ላም ደግሞ መቼ ቀንበር ተሸክማ ታውቃለች አንተ ውርጋጥ!»

አገሩ ሁሉ ዝናብ ሳያመልጠው ሊዘራ ይሽቀዳደማል፤ እኛ የበሬ ዘር እንቆጥራለን። ንጉሥ ወርዶ፣ ባላባት ተሰዶ፣ ሰው ሁሉ እኩል ሆኗል በተባለበት ዓመት... እኔና አያ ይመር በሬያችን ግራ ቢቆም የተዋረድን መስሎን ድርቅ አልን።

በመጨረሻ «እንግዲያው ቦራን ይዤ እሄዳለሁ» አልኩ። ያለ ቦራ እሳቸውም አያርሱም።

«ይሁን! ያንተ ቀኝ ይቁም... እናያለን!» ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

አየን። ዳለቻ ግራ ሲቆም ዓለም ተገለበጠበት። ወደ ለመደው ጎን ልሂድ ብሎ ቦራን በትከሻው ይገፋል፤ ቦራ ይንገዳገዳል፤ እኔ ዕርፉ ላይ ተንጠልጥዬ እከተላለሁ። ትልም እናወጣለን ብለን ዙሪያውን እንዞራለን... እንደ አውድማ።

«ሳትዘራው ልትወቃው ነው እንዴ?» ይላሉ አያ ይመር ከድንጋያቸው ላይ።

ቀና ስል ሊቀመንበሩ ሰዎች አስከትሎ ቁልቁል እየወረደ ነው። ላብና ዝናብ ተደባልቆ ዓይኔን ጋረደኝ። የአባቴ መሬት ሄደች አልኩ...

ይሄኔ ዘርፌ መጣች። የአያ ይመር ልጅ ናት፣ የእኔ እኩያ። በድርቁ ሳር ከምድር ሲጠፋ የቤታቸውን ክዳን እየመዘዘች ዳለቻን ያተረፈችው እሷ ናት። በሬው ተረፈ፤ ቤታቸው ግን ያን ክረምት እንደ ወንፊት ያፈስ ነበር። አሁንም ከክዳኑ የመዘዘችውን አንድ እፍኝ ሳር ይዛ በሬዎቹ ፊት ቆመች።

«አብሽር ዳለቻ... ና» አለችው።

«ከማሳዬ ውጪ! ሴት ልጅ እርሻ ላይ ምን ትሠራለች?» ብዬ ጮህኩባት።

«አፍህን ተወውና ዕርፉን ያዝ» አለችኝ።

ፊት ፊት ሄደች። ዳለቻ ሳሩን እያየ ተከተላት፣ ቦራ ዳለቻን ተከተለ፣ እኔ ሁሉንም ተከተልኩ። ትልሙ ቀጥ ብሎ ወጣ። ሊቀመንበሩ ሲደርስ እየተመለስን ነበር።

«የዚህ ማሳ አራሽ ማነው?»

«እኔ!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

አያ ይመር ከድንጋያቸው ተነሱ።

«ዕርፉን የያዘው እሱ ነው» አሉ። «በሬው የተከተለው ግን ልጄን ነው። መሬት ላራሹ ያላችሁት እናንተ... አራሹን እናንተው ለዩታ!»

ሊቀመንበሩ እኔን አየ፣ ዘርፌን አየ፣ ዳለቻንም አየ። ለዚህ የሚሆን መመሪያ ያልተሰጠው ይመስለኛል። ራሱን አከከና «ዕርፍ የጨበጠ አራሽ ነው። ማሳው የልጁ ነው!» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

እንግዲህ ሰው የሆንኩት ያን ቀን ነው። አያ ይመር መጥተው እንደ ትልቅ ሰው ጨበጡኝ። ዘርፌ ግን የተረፈውን ሳር ለዳለቻ እያጎረሰች፣

«እኔ አርሼ መሬቱ ለእሱ!» አለች።

አድገን ተጋባን። እንግዳ ቤታችን በገባ ቁጥር «ይችን ማሳ ያረስኳት እኔ ነኝ» ትላለች፤ እኔ «ዕርፉን ማን ያዘ?» እላለሁ፤ እንግዳው ይስቃል... ሁለታችንም አንሸነፍም። ልጆቻችን ይህን ክርክር እየሰሙ አደጉ።

ዘርፌ ካረፈች አንድ ክረምት ሊያልፍ ነው። እኔ እንደሆንኩ ቃሌን አልቀየርኩም፤ ያረስኩት እኔ ነኝ... ዘንድሮ ግን «ዋሽተሃል» የሚለኝ የለም።