በመጋረጃው ጠርዝ የሰፋኋት የሞተር መርፌ

ንስሐ አባቴ ፊት በየዓመቱ ኃጢአቴን ስዘረዝር አንዲቷን እያስቀረሁ ነው የኖርኩት። ቁጣዬን ነግሬያቸዋለሁ፤ ሐሜቴን ነግሬያቸዋለሁ፤ ጾም የሻርኩባቸውን ቀኖች እንኳ አልደበቅኋቸውም። ይህችን ግን ለእሳቸውም፣ ለእህቴም፣ ለባሌም አልተናገርኩም። ባሌ ተስፋዬ ካረፈ ሰባት ወር ሆነው። ብዕር ስይዝ እጄ ይዘገያል፤ አንድ ገጽ ለመጻፍ ከሰዓት በኋላው በሙሉ ያልቅብኛል። የምታነቡኝ ሰዎች ታገሡኝ።

ያደረግሁትን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱ ይቆየኝ። ከባሌ ሞተር ሳይክል ላይ አንዲት መርፌ አንስቼ ደበቅሁ። በእሷ የተነሳ አንድ ንጹሕ ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በሌብነት ሲታማ ኖረ። ሰውየው ናስር ይባላል። እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ የሞተርና የብስክሌት መጠገኛ አለው፤ የባሌ የልብ ጓደኛ ነበር። መርፌዋን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ሞተሯ አስፋልት ላይ እንደምታዩዋቸው ዓይነት አልነበረችም። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ስለ ቡና ሊያጠና መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ለተስፋዬና ለናስር በጋራ ትቷት የሄደ አሮጌ ሞተር ናት። ቀጭን፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ መቀመጫዋ ለይስሙላ የተለጠፈ፣ ከኋላ ጎማዋ ግራና ቀኝ ንዝረት የሚውጥ ሁለት ሾክ የቆመላት። «የዛሬዎቹ አንዲት ሾክ መሃል ላይ ሸጉጠው ሠራን ይላሉ» ይል ነበር ተስፋዬ፣ ሰው የሰደበበት ያህል ተቆጥቶ። የተሠራችው ለፍጥነት አይደለም። በቋጥኝ ላይ፣ በወደቀ ግንድ ላይ፣ በጅረት ውስጥ፣ ቆመው እየነዷት፣ እግር መሬት ሳያስነኩ ቀስ ብሎ ለማለፍ ነው። ጨዋታው ይኸው ነው። እግር መሬት በነካ ቁጥር አንድ ይቆጠራል፤ ትንሽ የተቆጠረበት ያሸንፋል፤ የተሸነፈው ሞተሯን ያጥባል።

ተስፋዬ የሒሳብ መምህር ነበር። ዓርብ የናስር ጁምዓ፣ እሑድ የእኛ ቅዳሴ ስለሆነ ቀናቸው ቅዳሜ ሆነ። ጠዋት ተነስተው ከጅማ ወጣ ብላ ወዳለችው የቡ ይሄዳሉ። እዚያ የናስር አጎት የቡና መሬት ውስጥ ድንጋይ የበዛበት ጅረት አለ። አንዱ ሲነዳ አንዱ ዳር ቆሞ እግር ይቆጥራል። ጥቂት ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ።

«ሁለት!» ይላል ናስር።

«ቅጠል ነው የነካሁት፤ መሬት አይደለም!»

«ቅጠሉ ታዲያ የት ተኝቶ ነው መምህር? ሰማይ ላይ? ኤጋ፣ እንግዲህ ሁለት ብያለሁ!»

ቡና የሚለቅሙት ሴቶች እስኪያስላቸው ይስቁ ነበር። አንዲት ትልቅ ሴት አንድ ቀን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ሰው ሞተር የሚይዘው ለመሄድ አይደለም እንዴ? እነዚህ ምነው ቆመው ቀሩ?» አሉኝ። እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ በዓመት አንዴ በግቢያችን ሙሉ ለሙሉ ይፈቷት ነበር። ናስር ቡና የሚሰጣበትን የሽቦ አልጋ ከአጎቱ ዘንድ ያመጣል፤ የተፈታው ዕቃ ሁሉ በቤንዚን ታጥቦ በአፈታቱ ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደርበታል። የማይጥሱት ሕግ ነበራቸው፦ ዕቃውን የሚመልሰው ራሱ የፈታው ሰው ነው። የአንዱን ተራ ሌላው በጣቱ አይነካም። ሾኮቹና ካቴናው የተስፋዬ ነበሩ፤ ካርቡሬተሩ የናስር።

መርፌዋን ባነሳሁበት ዓመት፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ተስፋዬ ቋጥኝ ላይ ወድቆ ትከሻው ወለቀ። ሁለት ወር ያህል ሸሚዙን የማለብሰው እኔ ነበርኩ። ሲሻለው የመጀመሪያ ጥያቄው «ቅዳሜ መቼ ነው?» ሆነ።

ፈራሁ። ብዙ ዓመት ለራሴ የነገርኩት ይህንን ነው፤ «ባልሽን ላለማጣት ነው ያደረግሽው» እያልኩ። እውነት ነው? ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ እጁን ይዤ «ተው፣ ፈራሁ» አልለውም ነበር? የሚሰማ ሰው ነበር እኮ። ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ቀንቻለሁ። ልጅ አልሰጠንም፤ ቤታችን ጸጥ ያለ ነበር፤ ተስፋዬ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ደብተር እያረመ ይመሻል። እዚያ ጅረት ዳር ግን ሆዱን ይዞ ሲስቅ አይቼዋለሁ። እኔ ቤት እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ያንን ሳቅ ማምጣት ሲያቅተኝ እንዲጠፋ ፈለግሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

መስከረም ላይ ሞተሯ ተፈታ። ሁለቱም ለምሳ ገብተው ሳሉ የእጅ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። አልጋው ላይ፣ ከካርቡሬተሩ ዕቃዎች መካከል፣ ከክብሪት እንጨት የቀጠነች፣ ጫፏ የሾለ የነሐስ መርፌ ፀሐይ መትቷት ታበራለች። ቤንዚኑን ለሞተሩ የምትመጥነው እሷ መሆኗን ያኔ አላውቅም ነበር። ከሁሉ ትንሿ ስለሆነች መረጥኳት። አንስቼ ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኳት፤ ውኃውን ቀድቼ ገባሁ፤ ሁለቱንም እጃቸውን አስታጠብኩ። በማን ተራ ላይ እንደተቀመጠች አላሰብኩም። አላሰብኩም? ወይስ ማሰብ አልፈለግሁም?

ከምሳ በኋላ ፍለጋ ሆነ። ሣሩን በእጃቸው ዳሰሱት፤ አፈሩን ቧጠጡት። እኔ ምን አደረግሁ? ከማድ ቤት ወንፊት አመጣሁ። አብሬያቸው ተንበርክኬ፣ መርፌዋ ደረቴን እየወጋችኝ፣ የግቢዬን አፈር ነፋሁ። ከስርቆቱ ይልቅ ይህ ወንፊት ነው ዛሬም የሚያሳፍረኝ።

በመጨረሻ ተስፋዬ ቀና አለ። «ናስር፣ ካርቡሬተሩን የፈታኸው አንተ ነህ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። እዚህ ነው ያስቀመጥኳት። ወላሂ፣ እዚሁ!»

«በአንዱ ደንበኛህ ሞተር ላይ ገጥመሃት እንዳይሆን።»

ናስር መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። የተስፋዬን ፊት ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። «ምዬልህ?» አለ። «በአላህ ስም ምዬልህ ትጠይቀኛለህ?» ካቻቢቴውንና ፒንሳውን ሰብስቦ በጨርቅ ጠቀለለ። አጥሩ ላይ ጎረቤቶች ቆመው ይሰሙ ነበር። እኔም ወንፊቱን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ሦስት ቃል ይበቃ ነበር፦ «እኔ ጋ ናት።» አልተናገርኩም። በሩ ሲዘጋ ሰማሁት። በማግስቱ ነገሩ ጊንጆ ደርሶ ነበር።

መርፌዋን በሳሎኑ መጋረጃ ጠርዝ ውስጥ ሰፋኋት። መጋረጃው ለዘመን መለወጫና ለፋሲካ ይታጠባል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ስፌቱን እፈታለሁ፤ መርፌዋን መዳፌ ላይ አያለሁ፤ ሲደርቅ መልሼ እሰፋታለሁ። በደሉን አንድ ጊዜ ነው የፈጸምኩት ልበል? በዓመት ሁለት ጊዜ እያሰብኩ፣ እያወቅሁ፣ በራሴ ክርና በራሴ እጅ ደግሜዋለሁ።

ተስፋዬ ከብስክሌት የጎማ ሽቦ ሞርዶ ሌላ መርፌ ለመሥራት ሞከረ። ሞተሯ ሳለች፣ ታፈነች፣ ጠፋች። ከዚያ በኋላ ሸራ አለበሳት እንጂ አልተዋትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸራውን ገልጦ እሳት የምትሰጣትን ካንዴላ ይፈታል፤ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ ያደርግላታል፤ ማስነሻውን በእጁ ቀስ አድርጎ ይገፋል፤ ውስጧ ዝጎ ተጣብቆ እንዳይነክስ። ሁለቱን ሾኮች ይወለውላል። እኔ ከመስኮት አየዋለሁ፤ በዚያው መጋረጃ በኩል። ሳቁን ማጥፋት ፈልጌ ነበር፤ ጠፋልኝ። ወደ እኔ ግን አልመጣም።

ሲታመም አንድ ቀን ከሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ፣ «ናስርን የበደልኩት ይመስለኛል» አለኝ። «ለምን?» አልኩት። ልብ በሉ፣ «ለምን» አልኩት! «ምሎ ነበር እኮ» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «ዘይቷን እንዳትረሺ» አለ። ያን ቀንም ዝም አልኩ። በሽተኛ ማስደንገጥ አልፈለግሁም ብል ውሸት ነው። በመጨረሻው ሰሞን በሌላ ዓይን እንዳያየኝ ነው የፈራሁት።

ናስር ለቅሶ መጣ። ሦስት ቀን ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ለእንግዳ ሁሉ የእጅ ውኃ አስታጠበ። የእኔንም እጅ አስታጠበ። አንገቴን ደፍቼ ታጠብኩ።

ከአርባው በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይቱን ጠብ የማደርግላት እኔ ሆንኩ። ካንዴላ መፍታት ተማርኩ። ማስነሻውን በእጄ ገፋ ሳደርገው ውስጧ ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ አልነከሰችም። ተስፋዬ አሥራ ሁለት ዓመት የደከመላት ነገር በሕይወት አለች። ምን ቀራት? እኔ የወሰድኩባት ብቻ።

ለፋሲካ መጋረጃውን ሳወርድ ስፌቱን ፈታሁ። አጠብኩት፣ ደረቀ፤ ክር አላነሳሁም። መርፌዋን በመሐረብ ቋጥሬ በባጃጅ ጊንጆ ወረድኩ።

ናስር የብስክሌት ጎማ ይዞ ነበር። «እትዬ ሙሉ፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። ድሮ «ሙሉ፣ ሻዩስ?» እያለ ነበር በበሬ የሚገባው። መሐረቡን ፈትቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

አወቃት። ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አያት።

«የት ነበረች?»

«እኔ ነኝ ያነሳኋት። ለምሳ ገብታችሁ ሳለ። መጋረጃ ውስጥ ሰፍቻት ኖርኩ።»

«ተስፋዬ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም። ብቻ፣ የበደልኩት ይመስለኛል ብሎኛል።»

«እንዲህ አለ?»

«እንዲህ አለ። ምሎ ነበር እኮ አለ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተንበርክኬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ክንዴን ይዞ አስቆመኝ፤ በቁጣ ነው የያዘኝ። «ተነሺ። ዛሬ ምንም አልልሽም። ምን እንደምልሽ አላውቅም። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ የምመጣው ለሞተሯ ነው።»

ቅዳሜ የሽቦውን አልጋ አሸክሞ መጣ። ካርቡሬተሩን አወረደው፤ ፈታ፤ አጠበ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ደረደረ። አንድ በአንድ መመለስ ጀመረ። መርፌዋ ጋ ሲደርስ እጁን ሰበሰበ።

«ይህችን እኔ አልነካትም» አለ። «ካስቀመጥኳት ቦታ ያነሳሻት አንቺ ነሽ። ሕጉን ታውቂያለሽ። ያነሳሽውን መልሺ።»

መርፌዋን አነሳኋት። «ቀስ፣ ቀስ... ሹሉ ወደ ታች። እንዲያ» ይለኛል። ገባች። አዲስ ቤንዚን ከዘይት ደባልቆ ሞላላት፤ ቆሞ በእግሩ መታት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ሰባተኛው ላይ ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ። «ማሻአላህ! ድምፅዋ ያው ነው!» ብሎ ጮኸና የቤንዚን ቋቷን፣ ሰልባትዮዋን፣ አቅፎ ግንባሩን ደገፈባት። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ስቆ ይሁን አልቅሶ አልጠየቅሁም።

ሲወጣ፣ «ናስር፣ ይቅር ትለኛለህ?» አልኩት።

«ዛሬ አይሆንልኝም» አለ፤ ዓይኔን እያየ። «ሰፈሩ የሰማው ስድቡን ነው። አንቺ የተማርሽ ነሽ። እውነቱን ጻፊውና ይስሙት። ቅዳሜ የቡ እንሄዳለን፤ የሚቆጥርልኝ ሰው የለኝም።»

ይኸው ጻፍኩት። ናስር መርፌ አልሰረቀም። የማለው እውነቱን ነው። የሰረቅሁት እኔ ሙሉ ነኝ፤ አፈሩን በወንፊት የነፋሁትም እኔ ነኝ። ሐዘን ላይ ናት ብላችሁ አታቅልሉልኝ፤ ስሰርቅ ሐዘን አልነበረብኝም። ንስሐ አባቴም ይህን ወረቀት ከእጄ ይቀበላሉ።

ያለፈው ቅዳሜ የቡ ሄድን። ናስር ሸምግሏል፤ ጉልበቱ እንደ ድሮው አይታጠፍለትም። ቢሆንም ቆሞ ነዳት፤ ሁለቱ ሾኮች እየተጨመቁ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ እየወጣ። እኔ ተስፋዬ ይቆምበት የነበረው ቦታ ቆሜያለሁ። መጨረሻው ቋጥኝ ላይ እግሩ መሬት ዳሰስ አደረገ፤ ወዲያው አነሳው፤ ዞር ብሎ አየኝ።

«ነካሁ እንዴ?» አለ።

ማንም ሌላ አላየም። «ቅጠል ነው» ብለው ኖሮ ደስ ይለው ነበር።

«አንድ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሳቀ። ጅረቱ ዳር የጠፋው ሳቅ፣ የግማሹ ባለቤት በሌለበት፣ ግማሹ ተመለሰ።