ለአንድ ሰው የሚሆን አልጋ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ቢጣራ ከታች ምን ይቀራል? ለአንዳንዱ ልጅ ይተርፈዋል፣ ለአንዳንዱ ቤት፣ ለአንዳንዱም ክፉ ስም። ባለዘንቢሉ ይሉት የነበረው ሰው ግን አላገባም፤ አልወለደም፤ የሚኖርበትም ክፍል የኪራይ ነበር። ክፉ ስም እንዳያተርፍ ደግሞ፣ ድምፁ ራሱ ከጉሮሮው የሚወጣው ይቅርታ እየጠየቀ ነው። ከእሱ የተረፈ ነገር ቢኖር፣ በዓይን የማይታይ፣ በእጅ የማይጨበጥ፣ ግን ቁጥር ስፍር በሌለው ሰው ቤት ገብቶ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ምልክት ነው። ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ሰው የሠራው ነገር ከሐሳቡ አልፎ ሲሄድ፣ ሠሪው የሚጠየቀው ባሰበው ነው ወይስ በሠራው?

ሥራው የቤት ዕቃ በኢንተርኔት በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነበር። ድርጅቱ ከጎማ መሸጫ በላይ ያለውን ፎቅ ተከራይቶ ስለነበር፣ ደረጃውን የወጣ ሁሉ ልብሱ ጎማ ጎማ እየሸተተ ነው የሚገባው። ባለዘንቢሉ ከመስኮቱ ሥር፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ደንበኞች የመረጡትን የሚያኖሩበትን ዘንቢል ይጠብቃል። ዘንቢል ሲባል የሰሌኑ አይደለም፤ በድርጅቱ ገጽ ጥግ ላይ ያለች ሥዕል ናት። ደንበኛው ድስት ሲመርጥ ድስቱ እዚያ ይገባል፤ ብርድ ልብስ ሲመርጥ ብርድ ልብሱ ይከተላል።

እንዲህ ያለ ገጽ ግን በተፈጥሮው ዝንጉ ነው። አሁን ድስት የመረጠው ሰውና ቀጥሎ ብርድ ልብስ የመረጠው ሰው አንድ መሆናቸውን በራሱ አያውቅም። ስለዚህ ኩኪ የሚሉት ነገር አለ። ስሙ የብስኩት ነው፤ ነገሩ ግን ሻንጣ አስረክበው ሲገቡ በር ላይ እንደሚሰጥ ባለቁጥር ካርድ ያለ ነው። ሱቁ ካርዱን ደንበኛዋ ኢንተርኔት በምትከፍትበት ብራውዘር ውስጥ ሸጎጥ ያደርጋል፤ ደንበኛዋ ስትመለስ ቁጥሩን አይቶ፣ «አሃ፣ ያቺ ድስት ይዛ የነበረችው ናት» ብሎ ዘንቢሏን ያቀብላታል። ካርዱ የሚያውቀው ግን ኮምፒውተሩን ነው። ወንበሩ ላይ ባል ተቀመጠ ሚስት፣ ለእሱ ያው ነው።

በመጀመሪያው ዘመን ደንበኛው የገጹን መስኮት ሲዘጋ ካርዱ ይቀደድ ነበር። ኋላ አንድ የገበያ ክፍል ኃላፊ መጣ። ያለ ግራፍ አፉን ስለማይከፍት «ግራፉ» አሉት።

«ጎበዝ፣ ሰው ዘንቢሉን ጢም አድርጎ ሞልቶ ጥሎን እየሄደ ነው!» አለ። «ከበር ይመለስ እንጂ! አልመለስ ካለም ዕቃው ራሱ ይከተለው። ጋዜጣ ሲያነብ፣ የአየር ሁኔታ ሲያይ፣ ድስቱ ከፊቱ ድቅን ይበል።»

ባለዘንቢሉ ይህን ሠራው። አሳምሮ ሠራው። ካርዱ ዓመት እንዲቆይ፣ ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ገጽ ሁሉ እንዲታወቅ አደረገው። ቅጽል ስሙም የወጣለት ያኔ ነው። ሰው በሠራው ሥራ ሲጠራው በዕድሜው የመጀመሪያው ስለነበር ስሙን ወደደው።

ለዚህ ያበቃችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ነበር፤ እሷ ትምህርቷን ትታ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች። የሰው ቤት መጋረጃ እየሰፋች፣ ከቁርጥራጩ ለእሱ ሸሚዝ እየቀጣጠለች አሳደገችው። ያን ባለአበባ ሸሚዝ ለብሶ ሲሄድ ልጆቹ «መስኮቱ መጣ!» ይሉታል። አልቅሶ ሲመጣ፣ «በላቸው፣ መስኮት ብርሃን ያስገባል፤ እናንተ ግድግዳዎች!» ትለዋለች።

እትዬ አንድ ልማድ ነበራት። ትልቅ ሱቅ ትገባና ቅርጫት አንስታ፣ ያማራትን ሁሉ እየሞላች በመደርደሪያዎቹ መሀል ትንሸራሸራለች። በመጨረሻ ቅርጫቱን በሩ አጠገብ አስቀምጣ ባዶ እጇን ትወጣለች። «መግዛቱን ያለው ይግዛ፤ ለኔ ይዞ መዞሩ ይበቃኛል» ትላለች። ሳሎኗ ውስጥ ኮምፒውተር ሲገባ ልማዷን ወደዚያ አዛወረችው። አንድ ቀን ወንድሟን፣ «አንተ፣ እንዲህ ሞልቼ ሞልቼ ስተወው አይቀየሙኝም?» አለችው።

«ማን ይቀየምሻል እትዬ? መስኮቱን ስትዘጊው እኮ ይረሳሻል።»

ያኔ እውነት ነበር። ሲለወጥ ግን አልነገራትም። የመሥሪያ ቤቱን ብሎን ለእህቱ የሚቆጥር ማን አለ?

ባሏ ቀያሽ ነው። የሰው መሬት ሲለካ ውሎ ቤቱ ሲገባም ሜትሩን አያስቀምጥም። እጁን አንስቶባት አያውቅም፤ ድምፁንም አያነሳም። ብቻ ይለካል። ገበያ ምን ያህል እንደቆየች፣ በስልክ ከማን ጋር እንደሳቀች፣ ጎረቤት ሰላም ስትል እስከየት እንደወጣች። «ያልተካለለ መሬት ጠብ ያመጣል» እያለ፣ በፈገግታ፣ ወሰኗን ዓመት በዓመት ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ለዳኛ ቢነገር የሚያስቅ፣ ለሚኖረው ግን የሚያንቅ ነገር ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባለዘንቢሉ ሊጠይቃት ሄዶ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀመጠ። የመኪናው ድምፅ ድምፅዋን እንዲሸፍነው እየረገጠች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ፣

«ከዚህ ቤት ልወጣ ነው» አለችው።

«ተጣላችሁ?»

«ከሱ ጋር ማን ይጣላል? መጋረጃ የምሰፋላት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትዮ ከጓሮዋ ክፍል አላት፤ ቀለም እያስቀባችልኝ ነው። ቀለሙ ሲደርቅ፣ እሱ ሥራ ሲሄድ፣ እወጣለሁ። በቃ።»

«ብትነግሪውስ?»

መኪናውን አቆመች። ወዲያው መልሳ አስነሳችው። «ቀድሞ ከሰማ አልወጣም። ራሴን አውቃለሁ። ፈገግ ብሎ ‹ወዴት?› ካለኝ አለቀልኝ። ከአንተና ከሷ ሌላ ማንም እንዳይሰማ። የሆዴን ነው የሰጠሁህ።»

«ሆድ ይፍጀው፣ እትዬ።»

በዚያው ሰሞን ቤቱ ጭር ሲልላት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ የወንድሟን ድርጅት ገጽ ከፈተች። ልትገዛ አልነበረም፤ ያቺ ክፍል ዕቃ ሲገባባት ምን እንደምትመስል ልታይ ነው። ለአንድ ሰው የሚሆን አልጋ፣ አንድ ትራስ፣ አንድ ኩባያ፣ የራስጌ መብራት፣ ጓጉንቸር። ይዛ ትንሽ ከዞረች በኋላ እንደ ልማዷ በሩ ላይ አስቀምጣ ወጣች። መስኮቱን ዘጋችው ማለት ነው።

ቀያሹ በዕረፍቱ ቀን ጋዜጣ ሊያነብ ያንኑ ኮምፒውተር ከፈተ። ከዜናው ጎን አንድ ጠባብ አልጋ ብቅ አለ፤ ከሥሩ «መርጠውኛል፤ እየጠበቅኩዎት ነው» ይላል። ሳቀ። የአየር ሁኔታ ሲያይ ያው አልጋ መጣ፤ አሁን ከነጓጉንቸሩ። ቀያሽ ነውና አንድ ምልክት ሁለት ቦታ ካየ መስመሩን ሳይከተል አይተውም። ተጫነው። ዘንቢሉ እንዳለ ተከፈተለት። አንድ በአንድ አየው። ሁሉም አንድ አንድ ነው። አልጮኸም፤ አልጠራትም። «ግዛ» የሚለውን ተጫነ።

ዕቃው የደረሰ ዕለት ባለዘንቢሉ እዚያው ሳሎን ተቀምጦ ነበር። ሁለት ተሸካሚዎች ረጃጅም ካርቶኖች እያጋደሙ ገቡ፤ ካርቶኖቹ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ምልክት አለ። እትዬ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከኩሽና ብቅ አለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ያንቺ ነው፣ እመቤቴ» አለ ቀያሹ።

«እኔ ምንም አላዘዝኩም።»

«መርጠሽ ነበራ! ጀምረሽ ተውሽው፣ እኔ ጨረስኩልሽ። ታዲያ ባል ለመቼ ነው?» ከኪሱ ሜትሩን መዘዘ። «አማቼ፣ እስቲ ና ጫፉን ያዝልኝ። የሱቃችሁ ዕቃ አይደል? ልክ መሆኑን እንይ።»

ባለዘንቢሉ ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባው። ገብቶትም ተነሳና ጫፉን ያዘ። ለምን እንደያዘ ዕድሜ ልኩን ሲያስበው ኖሯል። ምናልባት በዚያ ቤት ያዝ የተባለ ሁሉ ስለሚይዝ ይሆናል።

«ጠባብ ናት» አለ ቀያሹ ፈገግ ብሎ። «እኔን አትጨምርም። ወዴት ልትወስጃት ነበር?»

እትዬ እጇን ደግማ በቀሚሷ ጠረገች።

«የትም» አለች።

አልጋውን ሳሎን መሀል፣ ከሶፋው ፊት ለፊት ዘረጋው። እንግዳ ሲመጣ፣ «የእመቤቴ ነው፤ ለብቻዋ መንፈራገጥ አማራት» ይላል፤ እንግዳው ይስቃል። ጓጉንቸሩን የስፌት መኪናዋ ሳጥን ላይ ገጠመው። «ዕቃሽ እንዳይጠፋብሽ» አላት፤ ቁልፉ ግን ከእሱ ኪስ ገባ።

የዚያን ዕለት ወንድሟን እስከ በር ስትሸኘው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስዘጋው ይረሳል ብለኸኝ አልነበረም?» አለችው።

«ያኔ ይረሳ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን… አስታውስ ተብሏል።»

«ማነው ያለው?»

መሬት መሬት አየ። «እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ብትቆጣው፣ በጥፊ ብትለው ይቀለው ነበር። ኮሌታውን አስተካከለችለት። «ጎበዝ ልጅ ነህ። የያዝከውን አትለቅም። ያሳደግኩህ እኔ ነኝ» አለችው።

የክፍሉ ቀለም ደረቀ። ሴትዮዋ ጠበቀች፣ ደግማ ጠበቀች፣ በኋላ ለሌላ ሰው አከራየችው። እትዬ ራሷን በደንብ ታውቅ ነበር። ሳሎን ውስጥ፣ በዚያች አልጋ ላይ መተኛት ጀመረች፤ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ልብሷን አጣጥፋ ትነሳለች።

ሰው ሁሉ ማስታወስን ያመሰግናል፤ ለመርሳት ጠበቃ የሚቆምለት የለም። ነገር ግን ሰው ከሰው ጋር ተቻችሎ የሚኖረው ብዙ አይቶ ብዙ በመርሳት ነው። ጎረቤት ሲያመሽ የሰማውን ጭቅጭቅ ሲነጋ እንዳልሰማ ይሆናል። ባለሱቅ አንስተን የመለስነውን አይቆጥርብንም። የሰው ሐሳብ ሥር የሚሰድደው በዚህ ባልተቆጠረ ቦታ ነው፤ እዚያ ዘብ ካቆሙበት፣ ሰው ቁርጡን ሳይቆርጥ በፊት በሐሳቡ ይያዛል። ባለዘንቢሉ እንዲህ አሳክቶ መናገር አይችልም ነበር። ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ያለው ይህን ብቻ ነው፦

«ዘንቢሉ ከማስታወሱ በፊት ይጠይቅ። ‹ላስታውስልዎት ወይስ ልርሳው?› ይበል። አንድ መስመር ናት፤ እኔ እጽፋታለሁ።»

«ወይ ጉድ!» አለ ግራፉ። «ሱቅ ስትገባ ሻጩ ‹ልይህ ወይስ ዓይኔን ልጨፍን?› ይልሃል እንዴ?»

ሳቁ ጋብ ሲል ሥራ አስኪያጇ፣ «ደንበኞቻችን እኮ ተስማምተዋል። ገጹ ግርጌ ላይ ተጽፏል» አለች።

«ማን ያነበዋል?»

«የማያነብ ሰው ጥፋቱ የኛ ነው? ደግሞስ፣ በዚህ የተጎዳ ሰው ያውቃሉ? ምሳሌ ይስጡን።»

ምሳሌው ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። «እህቴ…» አለና ቆመ። ምስጢሯን አንድ ጊዜ ለባሏ ሰጥቶባታል፤ አሁን ደግሞ ለማሳመኛ ብሎ ጠረጴዛ ላይ ሊዘረግፈው ነው? ዘንቢሏን ዳግመኛ በሰው ፊት ከመክፈት በምን ይለያል? ያለ ምክንያት የቀረበ ጥያቄ ደግሞ የሞኝ ጥያቄ ነው።

«እህትህ ምን ሆነች?» አለ ግራፉ።

«ምንም። ሰላም ናት።»

«እንግዲያው አልፈናል» አለች ሥራ አስኪያጇ።

ከዚያ ወዲያ ዕቅድ በወጣ ቁጥር ይህንኑ ያነሳል። «ደሞ መጣ፣ ጠበቃው!» ይሉታል። ትንሽ ቆይተው እጁን ሲያወጣ ቀድመው መሳቅ ጀመሩ። ጥያቄውን አሳነሰው፤ አልጋ ያለበት ዘንቢል ብቻ ሰው አይከተል አለ። «አልጋ ምን በደለህ? ሚስት አግባ እንጂ!» አሉት። ቢሳቅበትም አልተወም፤ ለምን እንደማይተው ግን አንድም ቀን አልተናገረም።

ከሥራ የተሰናበተ ዕለት ሥራ አስኪያጇን ደረጃው አናት ላይ አገኛት፤ ኮቷን እየለበሰች ወደ ታች ልትወርድ ነው። የለመዱትን ሣቅ የሚስቅ ሌላ ሰው በአጠገባቸው አልነበረም።

«አንዴ ይስሙኝ» አላት። «ለራሴ አይደለም፤ የኔስ አልፏል። ስማቸውን የማላውቀው ሰዎች አሉ። ዛሬም ዘንቢላቸውን ሞልተው፣ መስኮቱን ዘግተው፣ ማንም አላየንም ብለው ወደ ጓዳቸው ይገባሉ። ለእነሱ ሲሉ፣ ሲዘጉት ዘንቢሉ ይርሳቸው።»