ለወጥ፣ ለጥብስ፣ ለውሻ

ዶሮ አትጾምም። ይህን የምለው ዶሮን ለመክሰስ አይደለም፤ የመንዝ ዶሮዎች ግን ሁዳዴ ሲገባ ሆን ብለው እንደሚጥሉ እስከ ዛሬ አምናለሁ። ዓመቱን ሙሉ በገብስ ብትለምኗት አንድ እንቁላል የምትሰስት ዶሮ፣ ሰው ሁሉ በሽሮ በከሳበት ሰሞን በየቀኑ እየጣለች ሰፈሩን በጩኸት ታናውጣለች። ጾሙ ደግሞ ሃምሳ አምስት ቀን ነው።

ስለዚህ ዘመሮ ዳርቻ፣ በባሌ እናት፣ በአማቴ ቤት፣ እንቁላል ይቀበራል። ትልቅ እንቅብ ገብስ ይሞላና እንቁላሉ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች፣ ሰፊው ወደ ላይ ሆኖ ገብሱ ውስጥ ይተከላል። የቀረውን ብርዱ ይሠራል፤ እዚያ አገር እንቁላልም ቂምም ሳይበላሽ ይከርማል። ቅዳም ሥዑር ጠዋት ሁሉም ይወጣል። በፋሲካ ዶሮ ወጥ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ድፍን እንቁላል ይደርሰዋል፤ ለእንግዳ የተበላሸ ያቀረበች ሴት እስከሚቀጥለው ፋሲካ ድረስ ወሬዋ አያልቅም። ስለዚህ ከመቀቀሉ በፊት አንድ ሰው ውስጡን አይቶ መመስከር አለበት። የሰፈሩ መስካሪ አማቴ ነበሩ።

ጓዳቸው መስኮት የለውም። ጭቃው ግድግዳ ላይ አውራ ጣት የምታክል ቀዳዳ አለች፤ የጠዋት ፀሐይ በእሷ ትገባለች። አማቴ ዱካቸው ላይ ይቀመጡና እንቁላሉን ቀዳዳዋ ላይ ደቅነው ያዞሩታል። ውስጡ ቀላ ብሎ ይበራል። ሰፊው ጫፍ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ትንሽ ከሆነ እንቁላሉ ትኩስ ነው፤ ከሰፋ አርጅቷል፤ ከጠቆረ ጠፍቷል። ቀያይ ክሮች ከታዩበት ደግሞ ዶሮዋ ታቅፋው ጫጩት ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ፍርዱ ሦስት ዓይነት ነው። ደህናው «ለወጥ»፣ ያረጀውና ቶሎ መበላት ያለበት «ለጥብስ»፣ የቀረው «ለውሻ»። ይግባኝ የለም።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ባገባሁ በመጀመሪያው ፋሲካ ጉም ወርዶ ፀሐይ ጠፋች፤ ሴቶቹ እንቁላላቸውን ታቅፈው ሳሎን ተኮልኩለው ቀሩ። እኔ የስልኬን መብራት አብርቼ ጓዳ ገባሁ። አማቴ ስልኩን እንደ ሌባ ገረመሙት። ሁለት እንቁላል ካዩበት በኋላ ግን «ይሻላል» አሉና ብርድ ታስገባለች ብለው የሚያማርሯትን ቀዳዳ በጨርቅ አስደፈኑኝ። እንዲህ አድርጌ የመብራት ያዥነት ሹመት አገኘሁ። ዲግሪዬ ያላስገኘልኝን ክብር ይህ ሹመት አስገኝቶልኛል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ፋሲካ ላይ የአማቴ የንስሐ አባት እንቁላላቸውን ለሁለት ከፈሉት። ውስጡ የጀመረ ጫጩት ነበር። «እናንተስ ዶሮዋን ያረዳችሁት ከነልጇ ነው» ብለው ሰሐኑን ገፋ አደረጉት። አማቴ ዶሮዋን ወቀሱ። የግድግዳ ጎረቤታቸው ግን የዳኝነቱን ዱካ ለዓመታት ስትመኝ የኖረች ሴት ናትና «እኔም እኮ ዓይን አለኝ» ማለት ጀመረች።

በዓመቱ ቅዳም ሥዑር ሴቶቹ ቄጠማቸውን ግንባራቸው ላይ አስረው እንደተለመደው መጡ። ጓዳ ውስጥ እኔና አማቴ ብቻ ነን። መብራት ከሐሙስ ጀምሮ ስለጠፋ ስልኬ ሊሞት ያጣጥራል። ልክ የዚያችን ጎረቤት እንቁላል እያየን ሳለ ድርግም አለ። ጓዳው ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አማቴ እንቁላሉን ሲያዞሩት ተሰማኝ።

«ለወጥ» አሉ።

ቀጣዩን አነሡ። ነቅነቅ ሲያደርጉት ተሰማኝ።

«ለወጥ።» ቀጣዩን። «ለጥብስ።»

የሞተ ስልክ ቀስሬ እንደ ጅል ቆሜ ቀረሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው፤ አልዋሽም። ከዚያ የንስሐ አባታቸው እንቁላል ትዝ አለኝ።

ጨርቁን ከቀዳዳዋ ቀስ ብዬ መዘዝኩት። ፀሐይዋ ገብታ አማቴ ፊት ላይ አረፈች። ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። ብሌናቸውን ነጭ ነገር ጋርዶታል። ይህን ሁሉ ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ እኔ ሳበራ የነበረው እንቁላሉን ብቻ ነው።

የፈረዱባቸውን እንቁላሎች እያነሣሁ አንድ በአንድ ቀዳዳዋ ላይ ደቀንኩ። ለውሻ ያሉት በእርግጥም የውሻ ነው። ለጥብስ ያሉት ያረጀ ነው። ለወጥ ካሏቸው ውስጥ ግን አንዱ ቀያይ ክሮች ነበሩበት። እሱን ወደ ውሻው ድርሻ አዛወርኩት።

«ስንት አገኘሽ?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«አንድ፣ እማማ።»

«ምን ሆኖ?»

«ጫጩት ጀምሮ።»

«የተበላሸው ቦጭ ቦጭ ይላል፤ ያረጀውም ይቀለኛል። እሱ ነው የማይሰማኝ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካቻምና ጭጋግ ነበር። አሁን ጭጋጉም የለም።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ነግሬ? ልጄ ደብረ ብርሃን ወስዶ ሶፋ ላይ ያስቀምጠኛል። እዚህ ሰው እንቁላሉን ይዞ ይመጣልኛል። እዚያ ማን ምን ይዞ ይመጣል?»

ተናደድኩ። የዓይን ሞራ እንደሚገፈፍ የማያውቅ የለም፤ እሳቸው ግን እንደ እንቁላሉ ገብስ ውስጥ ቀብረው ይዘውት ከረሙ። ከሁሉ ይልቅ የተናደድኩት ሶፋው የእኔ ስለሆነና የተናገሩት እውነት ስለሆነ ነው።

«ለሰው አልናገርም። ከበዓሉ በኋላ ግን ሐኪም ያይዎታል። ሲጨርሱ ወደዚሁ ወደ ዱካዎ እንመልስዎታለን» አልኳቸው።

«ማዪ።»

«በምን ልማል?»

«በባልሽ።»

«እሱ ለመሐላ የሚሆን ሰው ነው እንዴ?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉ እናቱ።

ከመጋረጃው ወዲያ ጎረቤቲቱ «ምነው ቆየ?» አለች።

«ዶሮሽ አንዱ ላይ ተኝታበት ነበር! ቶሎ ቶሎ አንሺው ብዬሽ አልነበር?» አሉ አማቴ ሙሉ ድምፃቸውን አውጥተው።

«እንዴት አወቁ?»

«በብርሃን ነዋ!»

ሐኪም ቤት ልጃቸው ወሰዳቸው፤ እኔ ከሥራ ፈቃድ አላገኘሁም። ሶፋዬ ላይ አንድ ቀን እንኳ ሳያድሩ ወደ ዘመሮ ተመለሱ። እኔ የደረስኩት የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሲል ነው። ክረምቱ ቢሆንም የዚያን ዕለት ጠዋት ፀሐይ ብቅ ብላ ነበር። አማቴ ጓዳ ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጨርቁን ከቀዳዳዋ አውጥተው ጥለውታል። ሰላምታ ሰጥቼ፣ የምለው ቢጠፋኝ ከእንቅቡ አንድ እንቁላል አውጥቼ ዘረጋሁላቸው።

እንቁላሉን አልተቀበሉኝም። አገጬን ያዙና ፊቴን ወደ ቀዳዳዋ አዞሩት። ከዓመታት በኋላ ሲያዩኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ዓይናቸው ጥርት ብሏል። የእኔው ነው በእንባ የተጋረደው።

«ለወጥ ነኝ?» አልኳቸው።

አልቸኮሉም። ግራዬን አዩ፤ ቀኜን አዩ፤ ሽበቴን አዩ።

«ለጥብስ» አሉና አገጬን ለቀው እንቁላሉን ተቀበሉኝ።