ዣንጥላ የተያዘላቸው ገመዶች

እንጅባራ ላይ ሲዘንብ እኛ ቢሮ ውስጥም ይዘንባል ብል አላጋነንኩም። ጣሪያው የሚያፈሰው ደግሞ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል የኔትወርክ ሳጥኑ አናት ላይ ነው። በዘነበ ቁጥር ስምንቱን ገመድ ነቅዬ ሳጥኑን አሸሻለሁ፤ ስመልስ ግን የቱ የት እንደነበር ይጠፋኛል።

አንድ ጠዋት ብልሃት መጣልኝ። የገመዶቹን ራስ በተርታ ደርድሬ፣ በቀርከሃ ስንጣሪ ደግፌ በሱፐር ግሉ አጣበቅኳቸው። እንደ ድንጋይ ደረቁ። ስሰካቸው ስምንቱም በአንዴ ቀጭ! ቢሮው አጨበጨበልኝ። ትዕግስት ብቻ አላጨበጨበችም። "ሽማግሌ ልላክ?" ስላት "ወንድ ዛሬ ይዞ ነገ ይለቃል፤ ላስብበት" ያለችኝ የሂሳብ ክፍል ልጅ ናት።

ከሰዓት ዝናቡ መጣ። ልንቀላቸው ብል ወይ ፍንክች! እያንዳንዱ ራስ ካልተጫኗት የማትለቅ ትንሽ ምላስ አለችው። ስምንት ምላስ በአንዴ የሚጫን ጣት ከየት ይምጣ? ገመዶቹም አጭር ናቸው፤ ሳጥኑን ማሸሽ አልተቻለም።

የንብረት ክፍሉ ጋሽ አለሙ ዣንጥላቸውን ዘርግተው ሳጥኑ ላይ ያዙለት። እኔ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ እሳቸው ይስቃሉ።

"አንተ ልጅ፣ በቁርባን ነው እንዴ ያጋባሃቸው? ፍቺ የላቸውም እኮ!"

ቢሮው በሳቅ ተናጋ። ትዕግስት የሳቅ እንባዋን እየጠረገች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"በል ሽማግሌህን ላክ" አለችኝ፤ "አንዴ ያያያዝከውን መፍታት እንደማትችል አይቻለሁ።"